ምንም ለማይሰማው ወንድሜ ስለተደረገለት መስተንግዶ

ለተከበሩ የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ የተሟላ፣ ሆድዎም ሲርበው በጊዜው የሚነግርዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ይህ ለሁሉ ሰው የተሰጠ ጸጋ አይደለምና።

እኔ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ታናሽ ወንድሜን እያመጣሁ ከበርዎ ውጭ የምቀመጠው ልብስ ሰፊ እህቱ ነኝ። በርዎ ላይ «ታካሚ ስለ ራሱ ራሱ ይናገራል፤ ቤተሰብ ውጭ ይጠብቅ» የሚል ማስታወቂያ በመለጠፍ ለታካሚ ክብር ስላሳዩት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼ ግን እነሆ።

፩. ወንድሜ ዘንድ ረሃብም፣ ጥምም፣ ሕመምም የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ አንዳንዴም ጭራሹን አይደርሱም። በጠራራ ፀሐይ ካፖርቱን ለብሶ በላብ ይጠመቃል፤ አውልቅ ካላልኩት አያወልቅም። ይህንን ላስረዳ በርዎን ባንኳኳሁ ቁጥር በትህትና ወደ አግዳሚ ወንበሬ ስላስመለሱኝ አመሰግናለሁ።

፪. ለታካሚዎች ባቋቋማችሁት የእንጨት ሥራ ክፍል ያገኘው ቦታ «ከሰው አይግባባም» ተብሎ ተወስዶበታል። እውነት ነው። መናደዱን የሚያውቀው ከጮኸ በኋላ፣ መፍራቱን የሚያውቀው እጁ መንቀጥቀጡን ሌላ ሰው ሲያሳየው ነው። የራሱ ልብ ሲመታ የማይሰማው ሰው የባልደረባውን ልብ ከፊቱ እንዲያነብ መጠበቃችሁ ትልቅ ተስፋ ነው፤ እኛ ቤት እንኳ ይህን ያህል ተስፋ የጣለበት የለም።

፫. ባለፈው ሳምንት ምግብ አልነካ ብሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ጎብጦ ሲራመድ አይቼ እየጎተትኩ አመጣሁት። ሐኪምዎ «የሚያምህ ነገር አለ ወይ?» ብለው ሲጠይቁት «ምንም» አለ። አልዋሸም። እኔ ውጭ ነበርኩ፤ የተለመደውን መድኃኒት ይዞ ወጣ። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳው በማግስቱ ነው።

ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ስላልለጠፈ አብሬው ገባሁ። ሐኪሟ ሆዱን ተጭና ስትጠይቀው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እትዬ፣ እያመመኝ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ በጣም እያመመህ ነው አልኩት። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ደክሞኛል። ከእኔ በኋላ ማን እንደሚነግረው አላውቅም። የምለምንዎ ነገር ቢኖር አግዳሚ ወንበሬ ከበሩ ወደ ውስጥ እንዲገባልኝ ብቻ ነው።

በጸጥታ መጠበቅን ከክፍልዎ በሚገባ የተማርኩ፣ የዘወትር አክባሪዎ፣
የታካሚው እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከቢሮዎ የተላከ ሰው ወንድሜ አልጋ ድረስ መጥቶ፣ እኔን እንደ ደንቡ ከክፍሉ አስወጥቶ፣ በመስተንግዶው ላይ ቅሬታ እንዳለው ጠይቆታል። «ምንም» ብሏል። እንኳን ደስ አለዎ።