ለእግርህ የለካሁት ሰሌዳ

ወልዴዬ፣

ያለ አንተ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። መስቀልንም ያለ አንተ ሁለት ጊዜ አከበርን። ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ እኔ ደህና ነኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በራችን ፊት ኮብልስቶን ስለተነጠፈ ጭቃው ቀርቷል። በምትኩ ባጃጆቹ እዚያው ተራ መያዝ ስለጀመሩ በማለዳ የምነቃው "ዩኒቨርሲቲ! ዩኒቨርሲቲ!" በሚል ጩኸት ነው። የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ፤ ፍሬው ትንሽ ቢሆንም ይጣፍጣል። እኔም ከማስተማሩ ጡረታ ወጥቻለሁ። አልጋው ላይ አሁንም የምተኛው በግድግዳው በኩል ነው። መሀል ላይ ለመተኛት ሞክሬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ልብሶችህን እምድብር ላለችው እህትህ ሰጥቻት ለሚያስፈልጋቸው አከፋፈለች። ሠርግ ላይ የምታደርገውን ጥቁር ጫማህን ብቻ አስቀረሁ። ሸሚዞችህ የነበሩበት የቁምሳጥን መደርደሪያ ባዶውን ስለቀረ፣ በሩን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፍ ነበር። ጣውላው ዋንዛ ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላም አልተጣመመም። አንድ ቀን አወጣሁትና የፔዳል ሰሌዳህን ልሠራበት ወሰንኩ።

መቼም አትረሳውም። የጊታርህን ድምፅ የምትቀይርባቸው እነዚያ በእግር የሚረገጡ ሳጥኖች፣ ኢኮው፣ ዋሁ፣ ዲስቶርሽኑና ቾረሱ፣ ከነሽቦዎቻቸው በአንድ ከረጢት ተጠላልፈው ነበር ሠርግ ቤት የሚደርሱት። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ አንተ ተንበርክከህ ሽቦ ትፈታለህ፤ አብሮህ የሚጫወተው ሙዘይን ደግሞ ኪቦርዱ ላይ መግቢያውን ያስረዝምልሃል። ጉንችሬ ላይ አንድ ሽማግሌ አይተውህ "ይሄ ሰውዬ ጸሎቱን ሳይጨርስ አይጀመርም እንዴ?" ብለው ድንኳኑን አሳቁት። እኔ "ሰሌዳ ሥራላቸው" እያልኩ ስጨቀጭቅህ "አንቺ ጡረታ ስትወጪ ትሠሪልኛለሽ" ትለኝ ነበር። ጡረታ የወጣሁት አንተ ከሄድክ በኋላ ሆነ።

ሥራውን ያስጀመረኝ ሙዘይን ነው። ነሐሴ ላይ ከቡታጅራ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ ገና ከበሩ "አሰላሙ አለይኩም ቲቸር፣ አርፍጃለሁ፣ ቀሪ እንዳትዪኝ" እያለ ገባ። ከዚያ ወደ ልጃችን ዞረ። "ትርሲት፣ ከመስቀል በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ አለ። ያባትሽን ቦታ ሌላ ሰው እንዲይዘው አልፈልግም" አላት። ትርሲት ካንተ በኋላ ጊታሩን ነክታው አታውቅም ነበር። ከፋርማሲ ሥራዋ ስትመለስ በአጠገቡ ታልፋለች እንጂ ቀና ብላ አታየውም። ያን ቀን ግን ቀና ብላ አየችውና "እሺ፣ እሞክራለሁ" አለች።

የኔን ልብ ልንገርህ። ጊታርህን አንድ ጊዜ እንደገና መስማት ፈለግሁ። በስልክ የተቀዱት ላይ የሚሰማው እልልታና ጭብጨባ ነው፤ አንተ ከኋላ በሩቁ ነህ። ሁሉን ነገር አንተ ታስቀምጠው በነበረበት ካስቀመጥኩ፣ ድምፁም ተከትሎ የሚመጣ መሰለኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማረች ሴት እንዲህ ብላ አሰበች።

ጣውላውን በመጋዝ ሰንጥቄ፣ ሽቦ እንዲያልፍበት በየመሀሉ ክፍተት ትቼ ገጠምኩት። እግር በቀላሉ እንዲደርስ የኋላውን ከፍ፣ የፊቱን ዝቅ አደረግሁ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ቨርኒሽ ቀባሁት። በየፔዳሉ ባትሪ ከመቀየር ይሻላል ብዬ ሁሉንም ከአንድ አዳፕተር እንዲመገቡ አደረግሁ። የኢኮው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ግን ስለካው ከሌሎቹ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የራሱን አዳፕተር ሰጠሁት፤ ያን ሳላይ ሰክቼው ቢሆን ይቃጠል ነበር። የመብራቱን ሽቦ ከጊታሩ ሽቦ አራርቄ፣ እህትህ በላከችልኝ ቃጫ ለየብቻ አሰርኳቸው። ቃጫ ሲጠብቅ አይላላም።

የፔዳሎቹን ርቀት የወሰንኩት በጫማህ ነው። ጫማህን ሰሌዳው ላይ እያስቀመጥኩ፣ አንዱን ስትረግጥ ጎኑ ሌላውን እንዳይነካ ምልክት አደረግሁ። ተረከዝህ መሬት ላይ እንዳለ ጣትህ የኋላው ረድፍ ላይ መድረሱንም አረጋገጥኩ። ከዚያ ሰርስሬ በብሎን አሰርኳቸው። አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ደስ አለኝ።

ትርሲት ሰክታ ሞከረችው። ምንም አልጮኸም፤ ድምፁ ንጹሕ ነበር። ዜማው መሀል ላይ ኢኮውን ለመርገጥ እግሯን ስትዘረጋ ግን አልደረሰችም። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች፤ ምቱ አመለጣት። ደገመች፤ አሁንም አመለጣት። "ልመጂው እንጂ፣ ያባትሽ አቀማመጥ ነው" አልኳት፤ ለተማሪ እንደምናገረው። አልተከራከረችኝም። ቀናት ሙሉ ተለማመደችው፤ ከመጫወት ይልቅ ወደ ታች ማየት ሆነ ሥራዋ። በመጨረሻ ጊታሩን ወደ ቦርሳው መለሰችና "እማዬ፣ ለጋሼ ሙዘይን ደውይለትና ሌላ ሰው ይፈልግ። የአባዬን እግር ከየት ላምጣ?" አለችኝ።

ስልኩን አንስቼ ቁጥሩን ሳላወጣ ተቀመጥኩ። አንተ በልጅነቷ ስታስተምራት በሐሳቤ አየሁህ። ጣቶቿ ገና አጭር ስለነበሩ፣ የጊታሩ አንገት ላይ እርሳስ በላስቲክ አስረህ ክፍተቶቹ ከሚጠቡበት ቦታ አስጀመርካት። እኔ "መጥፎ ልማድ ይሆንባታል፣ ከመጀመሪያው በትክክሉ ትማር" ብዬ ነበር። አንተ ቀና ሳትል "እጇ እስኪያድግ ጊታሩ ወደ እሷ ይምጣ" አልክ። እጇ ሲያድግ እርሳሱን ራሷ ፈታችው።

በማግስቱ ብሎኖቹን ፈታሁ። ትርሲትን በባዶ እግሯ አቆምኳትና እየተጫወተች እግሯ በራሱ የሚያርፍበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ አመለከትኩ። ዋሁን በግራ በኩል ፈለገችው፤ አንተ በቀኝ ነበር የምታደርገው። እሷ እንደፈለገችው በግራ አሰርኩላት። የድሮዎቹን ቀዳዳዎች በመጋዝ ብናኝና በኮላ አንድ በአንድ ደፈንኩ።

በሠርጉ ቀን ቡታጅራ አብሬያት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ወንበሬን ከስፒከሩ አጠገብ አስጠግቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሙዘይን መግቢያውን ጀመረ። ጊታሩ ገባ። ወልዴዬ፣ አንተ አልነበርክም። አንተ የሐረጉን መጨረሻ ትጎትተዋለህ፤ ለመለያየት የማይፈልግ ሰው ይመስል። እሷ ቁርጥ አድርጋ ትተወዋለች። ያው ጊታር፣ ያው ፔዳል፣ ያው ዜማ። እዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ በደስታ መስሏቸው መሀረብ ሰጡኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ሙዘይን እየሳቀ በአገጩ ወደ እሷ ጠቆመኝ። ትርሲት ፊት ለፊት እያየች ነበር። ሰው ትከሻውን የሚነቀንቀው በእሷ ምት ነው። አንድም ጊዜ ወደ እግሯ ዝቅ ብላ አላየችም።

ከእንግዲህ ያንተን ድምፅ ከእሷ አልጠይቅም። የእሷን በጆሮዬ እሰማለሁ። ያንተን፣ ያን የሚጎተተውን፣ ከእኔ በቀር በደንብ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ፣ በሕይወት እስካለሁ ሳልቆርጠው ይዤው እኖራለሁ።

ያንተዋ፣
አልማዝ