የጠበሉ ጀሪካን

ጥቅምት 7 ቀን 2015
ዝናቡ አባራ። አጥሩን አስጠገንኩ። የልጄ ልጅ አርሴማ ዛሬም ኮሌጅ ከመሄዷ በፊት በባዶ ሆዷ ጠበሏን ጠጣች። ቀድቼ ያመጣሁላት ትንሿ ቢጫ ጀሪካን አልጋዋ ሥር ናት፤ ማንም እንዳይነካት አዝዣለሁ። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ላለች ልጅ ካርዷ ላይ «ጠባይ፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ እጽፍ ነበር።
ክፍሏን የምትጋራት ተከራይ ኤቢሴ ግን... የጎጆ ከተማ ልጅ። ሳቋ መንገድ ላይ ባጃጅ ያስቆማል።

ጥቅምት 21
ክፍላቸው አረቄ አረቄ ይሸታል። የማን እንደሆነ ይጠየቃል?

ጥቅምት 25
ኤቢሴን ጠራኋት።
«ትጠጪያለሽ?»
«ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቢራ። አልዋሽም፣ አኮ።» በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው።
«አረቄውስ?»
አርሴማን አየቻት። «ጀሪካኗን ያሽትቷት።»
ጠበሉን! ጴንጤዋ! ከማስተማር ዘመኔ በቀረው የእንጨት ማስመሪያ አፏን መታኋት። ከንፈሯ ተተረተረ። ደገምኩ። ማስመሪያው እስኪሰበር። አርሴማ በር ላይ ቆማ ታያለች፤ ቃል አልወጣትም። ጨዋ ልጅ።
ኤቢሴ ሻንጣዋን ይዛ፣ ደም እየተፋች፣ «አርሴማ ስታስመልስ ጭንቅላቷን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከእንግዲህ እርስዎ ይያዙላት» አለችኝ።
ውሸታም።

ኅዳር 4
ቤቱ ጸጥ አለ። ደስ ይላል።

ኅዳር 12
ሚካኤል። አዲስ ጠበል ቀድቼ መጣሁ። አሮጌውን ልደፋ የጀሪካኗን ክዳን ብከፍት... አረቄ። እስከ አፏ።
«አትድፊው!» አርሴማ ናት፣ ከኋላዬ። ገፈተረችኝ። ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላተምኩ፤ መስተዋቱ ረገፈ። በከዘራዬ ትከሻዋን አገኘሁት። እጄን ነከሰችኝ። ተናንቀን ወደቅን። የሰባ ሦስት ዓመት ሴትና የልጅ ልጇ!
ተነሥታ መስኮቱን በቡጢ መታችው። ክንዷ እስከ ክርኗ ተሰነጠቀ።
«ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ስትመቺኝ ዝም አልኩ! ኤቢሴን ስትመቻት ዝም አልኩ! ዝም ለማለት ነው የምጠጣው!»
ደሙ ግድግዳው ላይ... በነጠላዬ አሰርኩት። ጎረቤቴ ብዙነህ በባጃጁ ሆስፒታል አደረሰን።

ኅዳር 13
አሥራ ዘጠኝ ስፌት። ነርሷ ልትመዘግብ፣ «ጠባይዋ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።
አላውቅም አልኩ።

ኅዳር 29
ጎጆ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኤቢሴ ከእናቷ ጋር ድንች ትለቅማለች። ከንፈሯ ላይ ጠባሳ አለ... የእኔ ጽሑፍ።
«ማስመሪያ ይዘው መጡ?»
«ተሰበረ እኮ።»
ሳቀች። ያው ሳቅ። ልንበረከክ ስል ክንዴን ያዘችኝ፤ «ይተዉ አኮ፣ ጭቃ ነው።»
ትመለሺ ይሆን? አልኳት።
«እርስዎ ቤት አልመለስም። ለእሷ ግን እደውላለሁ።»
ልክ ናት።

ጥር 6
አርሴማ አንድ ወር ሳትጠጣ ቆይታ ነበር። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገደች ገባች። «ጠጣሁ» አለችኝ ራሷ። ሳልጠይቃት!
እጄ ተነሣ። አየችው።
«ምቺኝ! ምቺኝ እስኪ!» ጩኸቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የብዙነህ ሚስት በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። ትስማ።
ከዚያ በሩ ላይ ተንበርክካ ማስመለስ ጀመረች።
የተነሣው እጄ ወዴት ይሂድ?
ጭንቅላቷን ያዝኩላት።