የተዝካሩ ገብስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 2

ሁሴን መጣ። አብሮ አደጉ፣ ልጄ ግርማ፣ ግን አብሮት አልነበረም። ከብት ሊገዙ ሁለቱም ወደ ዴራ ወርደው ነበር። ሁሴን የግርማን ካፖርት በክንዱ ይዟል። ቆላው ሞቆት አውልቆት ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«አዮ» አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «አዮ፣ ይቀመጡ።» አልተቀመጥኩም። ወባ ነው አለ። ትናንት ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት።

የሺ፣ የግርማ ሚስት፣ ድምፄን ሰምታ ከጓሮ ሮጣ ገባች። ነፍሰ ጡር ናት። በምን አፌ ልንገራት?

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1

እጄን ወደ ደብተሩ የመለሰው ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። ከበደ፣ ሟቹ ባሌ ከሌላ ሴት የወለደው፣ በሳጉሬ መንገድ ያለውን የግርማን ባሕር ዛፍ ለእንጨት ነጋዴ ሸጦታል። ዝናቡ አባርቷል፤ መንገዱ ደርቋል፤ ካሚዮን ይገባል።

ግርማ ያን ዛፍ የተከለው የሺን ባገባ ዓመት ነው። ችግኙን በጀርባው ነው ያመላለሰው። «ልጅ ሲመጣ ይህ ያሳድገዋል» ይል ነበር።

ከበደ ቤት ሄድኩ። «እትዬ፣ ወንድሜ ልጅ አልተወም። መሬቱም የአባቴ ነው» አለኝ። የሺ እኮ ስድስት ወሯ ነው አልኩት። «የሆድ ነገር ማን ያውቃል? ሲወለድ መጥቶ ይጠይቀኝ።»

ሲወለድማ የሚጠብቀው ጉቶ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 2

ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ አያሌው በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ነው የሚቀመጠው። ነገሩን ሰማኝና «እማማ፣ የሚያስፈልግዎት እግድ ነው» አለ። «ክርክሩ እስኪያልቅ መጥረቢያው እንዲቆም ዳኛው ያዛሉ።» ክርክሩ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ብጠይቀው፣ «ብቻ እርስዎን ዕድሜ ይስጥዎት» ብሎ ሳቀ።

ወጪውን ቤት ገብቼ ጻፍኩት።

ለማመልከቻ ጸሐፊ 3 ብር።
ለቴምብርና ለመዝገብ መክፈቻ 5 ብር።
ከሳጉሬ ለሚመጡት ሁለት ምስክሮች፣ መጓጓዣና ቀለብ፣ 4 ብር።
ዋስ። ክርክሩን ብረታ የነጋዴውን ኪሳራ የሚከፍል ሰው ይፈለጋል። ይህ ብር አይፈጅም፤ ፊት ነው የሚፈጀው። ሁሴንን ስጠይቀው ግን ቃሌን ሳልጨርስ «እኔ አለሁ» አለ።

በጠቅላላው 12 ብር። ከፈትሌ ያጠራቀምኩት 15 ብር አለኝ። ይበቃል። ጎተራ ያለው ገብስ የግርማ ተዝካር ነው፤ በአርባው ቀን ሰው የሚበላበት። አይነካም። እንዳልረሳው እዚህ ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

ምስክሮቹ መጡ፤ በሉ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ። ወደ ማታ «ነገ ኑ» ተባልን። እኔ የቆጠርኩት የአንድ ቀን ወጪ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚኖረው ግን በቀጠሮ መሆኑን ረስቼ። ምስክሮቹን ለማሳደር ሌላ 4 ብር። አንድ ብር ጎደለኝ። አቶ አያሌው ከሰጠሁት ሦስት ብር አንዱን መለሰልኝ። «ልጁ ሲወለድ ጠላ ያጠጡኛል» አለ። «ሲወለድ» አለ፤ «ከተወለደ» አላለም። ይህን ቃል ይዤ ገባሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 4

ከበደ በችሎት «እርጉዝ መሆኗ አይታወቅም፤ ጎመን በልታ ይሆናል» አለ። ሰው ሳቀ። ዳኛው የሺን ቁሚ አሏት። ነጠላዋን ሰብስባ ቆመች። ዓይኗን አልሰበረችም። ዳኛው አይተው፣ «አቶ ከበደ፣ ጎመን ይህን ያህል አይከርምም» አሉ። አሁንም ሰው ሳቀ። የየሺን ጥርስ ከጥቅምት ወዲህ ገና ዛሬ አየሁት።

እግዱ ተፈቀደ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት በዓይኔ አየሁ። እፎይ ብዬ ልወጣ ስል መዝገብ ቤቱ ያለው ጸሐፊ ጠራኝ። «ማን ያደርሰዋል?»

«እናንተ ናችኋ።»

«ፖሊስ ያደርሳል። የሁለት ፈረስ ኪራይና የፖሊሱን ስንቅ የሚችለው ግን አመልካች ነው። ዘጠኝ ብር ይዘው ይምጡ።»

ይህ ከጻፍኩት ውስጥ የለም። ወረቀቱ እዚህ፣ መጥረቢያው እዚያ። ከበደ ሰምቷል። ወረቀቱ ሳይደርስ ሊያስቆርጥ ወዲያው ወደ ሳጉሬ በሚሄደው የነጋዴው ካሚዮን ላይ ሲሳፈር አየሁት።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ገብሱን ብሸጠውስ አልኳቸው። «ለነፍሱ እኛ እንጸልያለን፤ ነፍስ በድግስ አትማርም» አሉ። «ለሰው አፍ ግን መድኃኒት የለኝም።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5

ገብሱን ገበያ አወጣሁት። የማኅበር ጓደኛዬ አሰለፈች አየችኝ።

«የተዝካሩ ነው?»

«አዎ።»

«ጉድ እኮ ነው! ለዳኛ ደጅ ይገኛል፣ ለነፍስ ይታጣል?»

እኔም በሰው ደርሶ ባይ እንደሷ እል ነበር። ዘጠኙን ብር ለመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ቆጠርኩለት። ፖሊሱና ሁሴን ከቀትር በፊት ወጡ።

እሑድ፣ ኅዳር 6

ቅዳሴ ቆምኩ፤ ልቤ ግን ሳጉሬ ነው። ግርማን ብጠይቀው ምን ይለኝ ነበር? «ልጄን» የሚል ይመስለኛል። ግን የሚመቸኝን መልስ በእሱ አፍ አድርጌ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? ሙት አይከራከርም። ያልተወለደም አይከራከርም። በሁለቱ መካከል የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህ ያስፈራኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ሁሴን ተመለሰ። ከፈረሱ ሳይወርድ «አዮ፣ ቆሟል!» አለ። ከዚያ ወረደና ድምፁን ዝቅ አደረገ። በመንገዱ በኩል ያለው ወድቋል። ከወንዙ ወዲህ ያለው፣ ከግማሽ ይበልጣል፣ ቆሟል። ፖሊሱ ወረቀቱን ሲያነብላቸው ቆራጮቹ «የዛሬውን ሒሳባችንን ማን ሊከፍል ነው?» ብለው ጮኹ አሉ።

«ከበደስ?»

«ጉቶ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላምታም አልሰጠኝ።»

አንድ ቀን ብቀድም የወደቀውም ይተርፍ ነበር። ሁሴን «የቆመውን ይቁጠሩ» ይለኛል። እሞክራለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

የግርማ አርባ ዛሬ ነው። ዳስ አልተጣለም። ጥቂት ንፍሮና አንድ ዳቦ ይዘን ከየሺ ጋር ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ድሆች አደረስን። ሁሴን መጥቶ አብሮን ተቀመጠ። አሰለፈች አልመጣችም።

ቀጠሮው ለመጋቢት ነው። የሺ ከዚያ በፊት ትወልዳለች። በሰላም ከተገላገለች፣ ልጁም በሕይወት ከመጣ፣ ዛፉ ባለቤት ያገኛል። ካልሆነ ከበደ መጥረቢያውን ያነሳል። እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው።

ዳስ ተጥሎ ቢሆን አገሩ በልቶ ጠጥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይሄድ ነበር። ያን ገብስ ፈረስና ወረቀት በሉት። ስለዚህ ይህን ደብተር አንድ ቀን የምታነቡ፣ የልጅ ልጄም ሆነ ሌላ ሰው፣ ከቤቴ እንደበላችሁ ቁጠሩልኝና ነፍሱን ይማር በሉለት። ግርማ የቤት ስሙ ነው። በጸሎት ስታነሱት ወልደ ሚካኤል በሉልኝ፤ የክርስትና ስሙ እሱ ነው።