«እሺ» ሲሏት የምትቆመው ባዝራ

ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ለቀቅ አደረገዎት ወይስ አሁንም ከስፌት መኪናዎ ሲነሱ ግማሹን እያቃሰቱ፣ ግማሹን እየተቆጡ ነው? ዓይንዎስ? መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰክተው ቤተሰቡን ሁሉ ለፍለጋ ማሰማራትዎን ትተዋል? ካልተዉም ደግ፤ እኔ በሌለሁበት ማን እንደሚስቅብዎ ብቻ ነው የሚያሳስበኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እጄም እግሬም ጥርሴም በየቦታቸው ናቸው።

ይህን የምልዎ አክስቴ ደውላ የነገረችዎትን ስለሰማሁ ነው። በእርሷ አነጋገር ከፈረስ ላይ ተወርውሬ፣ አየር ላይ ተገለባብጬ፣ ሬሳ መስዬ ነው የተገኘሁት። አባባ፣ እህትዎን ያውቋታል፤ ጉንፋን ሲይዛት እንኳ ኑዛዜ ይጻፍልኝ የምትል ሴት ናት። እውነቱ ይኸው ነው፤ ወድቄያለሁ፤ አሸዋ ላይ፤ በመቀመጫዬ። እርስዎም «ፈረስ የሚባል ነገር ይቅርባት! ለመሆኑ ሰውየው ማን ነው? ምን ብሎ ነው የሚያሰለጥናት?» ብለዋል አሉ። እንግዲያው ልንገርዎ።

ሰውየውን እኛ ተማሪዎቻቸው ሁላችንም ጋሽ ቀስ ነው የምንላቸው፤ ፈረሱንም ልጁንም የሚጥለውንም ዝናብ «ቀስ» ስለሚሉ። በወጣትነታቸው በጋሪ የቤት ዕቃ ያመላልሱ ነበር። አንድ ቀን ቁም ሳጥን ጭነው ሲሄዱ እዚያው ጋሪው ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ጭልጥ ይላል። ሲነቁ ፈረሱ ቆሟል። ሊገርፉት አለንጋቸውን አንስተው ወደ ፊት ቢያዩ ድልድዩ የለም፤ ጎርፍ ወስዶታል። አለንጋውን ወንዙ ውስጥ ወረወሩት። «ከዚያ ወዲህ ነጂው ማን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም» ይላሉ። ኋላ ግልቢያ ትምህርት ቤት ተቀጥረው ጋጣ ጠረጉ፤ ቆይተውም በዝላይ ተወዳደሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ደግሞ አሰልጣኝ ሆኑ። አሁን ቁጭ ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ፈረሶቹ ዞር ብለው ያያሉ። እኔ እንዳልኩ አይንገሩብኝ።

አሠለጣጠናቸው ለብቻው ነው። መጀመሪያ ፈረስ ላይ አያወጡም። ጋጣ ውስጥ ድርቆሽ ላይ አስቀምጠው የአንዲት አሮጊት ባዝራ ትንፋሽ ያስደምጡናል፤ የእኛ ትንፋሽ ከእርሷ ጋር እስኪገጥም። ከዚያ ያለ ልጓም ያስወጡናል፤ ዓይናችንን ጨፍነን። እርሳቸው መሃል ቆመው ረጅም ገመድ ይይዛሉ፤ ባዝራዋ ትዞራቸዋለች። «አሁን መሬት የነካው የትኛው እግሯ ነው?» ይላሉ። እኔ በግምት «ቀኝ የኋላ!» ስል፣ «እሱ የኔ ነው» ይሉኛል።

አንድ ጠዋት ግን፣ ጉሙ ከሜዳው ሳይነሳ፣ መገመቴን ተውኩት። አባባ፣ እንዴት ብዬ ልጻፍልዎ? ጀርባዋ ከሥሬ እንደ ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል። ጭኔን ይሞቀኛል፤ ፊቴን ይበርደኛል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። እግሮቹ የእርሷ ይሁኑ የእኔ መለየት አቃተኝ። ልጅ ሳለሁ የጨርቅ ክምር ላይ እንቅልፍ ሲወስደኝ እሰማው የነበረው የመኪናዎ ድምፅ መጣብኝ፤ እርስዎ ፔዳሉን ሲረግጡ ክፍሉ ሁሉ ከነጨርቁ፣ ከነእርስዎ፣ ወደ አንድ ቦታ የሚጓዝ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ጋሽ ቀስ ገመዱን ጥለው አጥሩን ተደግፈዋል። ለካ ብቻችንን ነበር የምንሄደው።

ታዲያ ለምን ወደቅሽ ይሉኝ ይሆናል። በእርስዎ አስተዳደግ ምክንያት ነው። ጋሽ ቀስ ትምህርት ሲያበቃ ሁልጊዜ «እሺ» ይላሉ፤ ባዝራዋም ይህን ቃል ስትሰማ ቀጥ ብላ መቆም ለምዳለች። ለእኔ የነገረኝ የለም። ያን ዕለት በሶምሶማ ስንሄድ «ተረከዝሽን ዝቅ አድርጊ» አሉኝ። «ትልቅ ሰው ሲናገርሽ እሺ በይ» ተብላ ያደገች ልጅ ምን ልትል ኖሯል? «እሺ!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ በጨዋነት። እርሷ ቆመች። እኔ ቀጠልኩ።

ጋሽ ቀስ ሮጠው፣ ማለቴ ቀስ ብለው፣ መጡ። አሸዋውን እያራገፉልኝ «አይ አባትሽ! እንዲህ ጨዋ አድርጎ ያሳድግሽ?» አሉ። ሳቅሁ፤ ግን አልዋሽዎትም፣ ደንግጬ ነበር። ባዝራዋ መጥታ ፀጉሬን ስታሸተኝ ነው የተረጋጋሁት።

በማግስቱ ልወጣ ስል አክስቴ እርስዎ እንዳልፈቀዱ ለጋሽ ቀስ ነገረቻቸው። ኮርቻውን አወረዱት። ለመንኩ፤ አኮረፍኩ፤ «አባቴ ሩቅ ናቸው፣ አያዩኝም» አልኩ። «ሁለት ሰው ልትጭኚባት ነው? አንቺንና የአባትሽን ስጋት? አሮጊት ናት፣ አትችልም» አሉኝ። እኔ፣ ልጅዎ፣ ኮርቻውን ተሸክሜ ወደ ቦታው መለስኩት!

እባክዎ አባባ፣ ይፍቀዱልኝ። አልወድቅም ብዬ ቃል አልገባም። እርስዎ ሳይፈቅዱ ግን መውጣት እኔም አልፈልግም፤ ከብዶኛል። እስከዚያው በየጠዋቱ በብሩሽ አጽድቼያት በሜዳው ዙሪያ አጠገቧ በእግሬ እሄዳለሁ። ትናንት ጀርባዋ ላይ ለመውጣት የምንረግጠው ድንጋይ ጋ ስንደርስ በራሷ ቆመች። አንገቷን ዳበስኩና «ገና ነው፤ ከቤት መልስ አልመጣም» አልኳት። ጥቂት ጠበቀችኝና መንገዷን ቀጠለች።

እማዬን እቅፍ አድርገው ሳሙልኝ። አያቴን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ፤ ደብዳቤውን ሲያነቡላቸው መውደቄን ይዝለሉት። ታናሽ ወንድሜን በአንድ እጅዎ ጆሮውን ይዘው በሌላው ሰላም ይበሉልኝ፤ አልጋዬን መውረሱን ሰምቻለሁ። አጎቴንም ከእንቅልፋቸው የሚነቁበት ሰዓት ካለ ሰላም ይበሉልኝ።

የምትወድዎ ልጅዎ

ከአክስቴ ቤት፣ ከላይኛዋ ክፍል
ሐሙስ፣ ኅዳር 14 ቀን