የእትዬ ዘይነባ የአክታ ዕቃ

ደባርቅ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ ከአለቃዬ ጋር ተጣላሁ። አይቆጨኝም።

የእትዬ ዘይነባ የአክታ ምርመራ ውጤት ከጎንደር መጣ። ሴትዮዋ ስንት ወር ሙሉ የቲቢ መድኃኒት ውጠውም በሽታው አልለቀቃቸውም። አክታቸውን የላክነው ባክቴሪያውን አሳድገው፣ የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ጋር ሲሰጥ እንደሚገድለው እንዲፈትሹልን ነበር። ወረቀቱ ግን «ምንም አላደገም» ይላል። አለቃዬ ደስ አለው።

«በቃ፣ የያዙት መድኃኒት ሠርቷል። ፈርሚና መዝገቡን ዝጊው» አለኝ።

እትዬ ዘይነባ ደግሞ በር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያስላሉ! ወጥቼ አክታውን እንዴት አድርገው እንዳመጡት ጠየቅኋቸው።

«ዕቃውን በበረኪና አጥቤ ነዋ፣ ልጄ። እንዳይሸትሽ ብዬም ትንሽ ጠብ አደረግሁበት። እኔ በገበያ የታወቅሁ ጨርቅ ነጋዴ፣ ከዘይነባ ቤት ቆሻሻ ወጣ ይባልብኝ?»

ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ መጣብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዕቃውን ስሰጣቸው እንዳያጥቡት አልነገርኳቸውም።

ገብቼ ለአለቃዬ ነገርኩት። «ድጋሚ ከላክን ስህተታችን ይታወቃል» አለ።

ይታወቅ! የእኔ ስም ይጻፍበት። አዲስ ዕቃ አዘጋጅቻለሁ፤ ነገ ጠዋት እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ ይተፉበታል። ናሙና የሚያመላልሰው የጎንደር መኪና አልወስድም ካለ ሳጥኑን ታቅፌ በሚኒባስ እሄዳለሁ። አለቃዬ ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። በረኪና የገደለውን ግን መድኃኒት ገደለው ብዬ አልፈርምም።