ቀለሙ የሄደ ውሃ

ለተከበሩ የባለቤቴ እናት፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዐይንዎንስ ተሻለዎት? እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ መቐለ ላይ ቆሜ እሄዳለሁ። ጣቶቼ እንደሚያውቋቸው ሰማያዊ ናቸው።

«አንገትህን ደፍተህ እንጀራህን ብላ» ያሉኝ ደርሶኛል። የሆነውን ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።

የጥለት ክር የምናቀልምበት ቤት እጣቢ እስከ ዘንድሮ ወደ ወንዙ ነበር የሚፈሰው። ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲው መምህርት ዓለምእሸት የምትባል የጎጃም ልጅ መጣችና በበሰበሰ እንጨት ላይ የሚበቅል ነጭ ሻጋታ በርሜል ውስጥ አራባች። ኢንዛይም የሚሉት ነገር ያመነጫል፤ እሱ ቀለሙን ይሰባብረዋል አለች። «ሻጋታ ካጸዳማ ሚስት የሌለው ሰው ድስት ሁሉ ንጹሕ ነው» ብዬ ሳቅሁባት። ቀዩ ውሃ በአራተኛው ቀን ገለባ መሰለ። ሳቄን ዋጥኩ።

የማቅለሚያ ቤቱ ባለቤት አቶ ኣፅብሃ ግን አራት ቀን አይጠብቁም። የበርሜሉን ሥራ ሊያዩ እንግዶች በሚመጡበት ዕለት ጠዋት «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ በረኪና ጨምርበት» አሉኝ። ጨመርኩ። ይህን አልደብቅዎትም። ውሃው ወዲያው ነጣ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ሻጋታው ሞተ። መምህርቷ ጥፋቱ የእሷ መስሏት ሁለት ሳምንት ደብተሯን ስታገላብጥ ከረመች። እኔ አምስት ወቅት እየሰገድኩ ዝም አልኳት።

በመጨረሻ ሄጄ ነገርኳት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ራሴን ስረግም ነበር» ብላ ብቻ አዲስ ሻጋታ አመጣች።

ባለፈው ማክሰኞ እንግዶቹ ተመለሱ። አዲሱ ሻጋታ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ዳግመኛ ጨምር ሲሉኝ እምቢ ብላቸው አቶ ኣፅብሃ በረኪናውን በገዛ እጃቸው ደፉበት። «ያጠራው ሻጋታው ነው በል። ውሃ ከጠራ ማን ይጠይቅሃል?» አሉኝ። እንግዶቹ ግን እኔኑ ጠየቁኝ። እንዲህ አልኳቸው፤ የቁርአን ቤት ሸኻችን ውሃን በሦስት ነገር ነበር የሚያስመዝኑን፣ በቀለሙ፣ በሽታው፣ በጣዕሙ። ቀለሙስ ሄዷል፤ ሽታውን ቀርባችሁ እዩት። አንዷ ጎንበስ አለችና ዐይኗን ይዛ ተነሣች። «ጣዕሙን የሚቀምስ ካለ» ብዬ በጣሳ ቀድቼ ለአቶ ኣፅብሃ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«እንጀራዬን የበላህ!» አሉኝ። እውነት ነው፣ በልቻለሁ። ልጅዎ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከታች ወንዙ ዳር ቆስጣዋን ስታጠጣ፣ ከላይ እጣቢውን የምለቀው እኔ ነበርኩ። ማታ አብረን በላነው። ያኔ ዝም ብያለሁ። ሁለተኛ ዝም አልልም፣ እርስዎም ቢያዝኑብኝ።

ወሎ ና ያሉኝን አሁን አልመጣም። መምህርቷ ዓዲ ሓቂ ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ አንድ በርሜል ሰጥታኛለች፤ ሌሎች ማቅለሚያ ቤቶች እየዞርኩ እጣቢያቸውን በጀሪካን እለምናለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ ይሳቅ።

አላህ ዐይንዎን ይመልስልዎ፣ ጤናውን ያብዛልዎ። ለእሷ ዱዓ ሲያደርጉ ስሜን ማንሣት ከከበደዎት አይጨነቁ፣ እጠብቃለሁ። ከአቶ ኣፅብሃ ቤት ወጥቻለሁና የሚልኩልኝን ከእንግዲህ በሁሪያ ሱቅ በኩል ያድርጉት።

የልጅዎ ባል