የሰኞ ቀሪዎች

ለተወደድሽው ልጄ ለመክሊት፤

እንደምን ነሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ምግብስ በሰዓቱ ትበያለሽ? ከሆስፒታል ተረኛነት ስትወጪ ትተኛለሽ ወይስ ቀጥታ ወደ መጽሐፍ ነው? ሦስቱንም ለየብቻ መልሺልኝ፤ «ደህና ነኝ» በሚል አንድ ቃል እንዳታልፊኝ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ ገብቶ የባኬ ጃማ ጭቃ ጫማ ማስቀረት ጀምሯል። የእኔም ደም ግፊት አንቺ ባዘዝሽው መሠረት ጠዋት ጠዋት እየተለካ ይመዘገባል።

በፋሲካ ደውለሽ ሕክምናውን ለአንድ ዓመት ገታ አድርገሽ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ልትሠሪ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ሕክምናውን ልትጨርሺ እንደምትፈልጊ ነግረሽኝ ነበር። እኔም «የጀመርሽውን ጨርሺ፤ ሐኪም በሽተኛ ያክማል እንጂ ሲቆጥር አይውልም» ብዬ ዘጋሁብሽ። «እሺ አባዬ» አልሽ። ያለ እኔ ፈቃድ ማመልከቻውን እንደማትሞዪ አውቃለሁ፤ የሚዘጋውም ሰኔ ሃያ ነው። በችኮላ የከለከልኩትን በጽሑፍ ላነሳው ስለፈለግሁ፣ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ ሰው አግኝቼ ይህን ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት ዲጋ ሠርግ ተጠርቼ ዚነት ከጎኔ ተቀመጠች። አታውቂያትም፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ ዲጋ ሒሳብ ሳስተምር ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በሰው ፊት፣ «ቲቸር፣ ሰኞ ሰኞ ባንዲራው ሥር ሲያንበረክኩኝ የነበረውን አልረሳሁትም» አለችኝ።

«ትቀሪ ነበራ!» አልኳት።

«እቀር ነበር፤ ሆዴን ቆርጦኝ። ቅዳሜ ትልልቆቹ ገበያ ሲሄዱ ምንጩ ለእኛ ለትንንሾቹ ይርቀናል። ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ እንቀዳለን። እሑድ የእኛ የታች ሰፈር ልጅ ሁሉ ሲያቃስት ይውላል፣ ሰኞ ይቀራል። እርስዎ ደግሞ ሰነፍ ይሉናል» አለች።

እዚያ ሳቅሁ፤ ቤት ስገባ ግን ሳጥኔን አወጣሁ። የቀሪ መዝገብን ለራሴ እየገለበጥኩ እንደማስቀምጥ፣ እናትሽም «የአይጥ ቀለብ» እንደምትለው ታውቂያለሽ። የዲጋውን ስምንት ዓመት ለአራት ቀን ቁጭ ብዬ በቀንና በሰፈር ለየሁት። ከአሥር የሰኞ ቀሪዎች ሰባቱ የታች ሰፈር ልጆች ናቸው። ረቡዕ ላይ ልዩነቱ የለም። ይህን ሁሉ በገዛ እጄ ስጽፍ ኖሬ አንድ ጊዜ እንኳ በሰፈር አልደመርኩትም። ለሒሳብ መምህር ከዚህ የባሰ ስህተት አላውቅም። ያኔ ዚነትን ሐኪም ቢያያት ክኒን ሰጥቶ ይሸኛት ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ያው ኩሬ። በፋሲካ ልታስረጂኝ የሞከርሽው ይህንን ነበር፤ አሁን ገባኝ።

ሰንጠረዡን ይዤ ዲጋ ተመለስኩና ይቅርታ ጠየቅኋት። አገላብጣ አይታ፣ «ታዲያ የሥነ ምግባር ውጤቴን ሊያስተካክሉልኝ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ኩሬው ዛሬ ታጥሯል፣ ቧንቧም ገብቷል። ነገር ግን ቤት ለቤት እየዞረች የምትመዘግበውን ስጠይቃት፣ «ወደ ላይ እልካለሁ፤ ማን እንደሚያነበው እንጃ» አለችኝ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አንቺን ነው።

እናትሽን አስረድቻታለሁ። መጀመሪያ «ወድቃ ነው፤ በሌላ ዲግሪ ልትሸፍንብን ነው» ብላ ነበር። ቀጥላ «ዶክተርነቱን አይቀንሱባትም?» አለችኝ። «አይቀንሱም፤ ይጨምሩላታል» ስላት፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ከለከልካት!» ብላ በእኔ ላይ ተነሣች። የታመመ ጉልበታቸውን እንድታክሚላቸው የሚጠብቁሽ ጎረቤታችን ኦቦ ዋቅወያ ግን አሁንም ይጨነቃሉ። «ባርሲሳ፣ የእኛ መምህር፣ ይሄ አዲሱ ትምህርት ጉልበት ያያል?» ብለው ጠየቁኝ። «ጉልበትዎን ሳይሆን የሚጥልዎትን መንገድ ነው የሚያየው» አልኳቸው። «እሱንማ ዛሬውኑ ትጀምር!» አሉ።

ስለዚህ ልጄ፣ ማመልከቻውን ሙዪ። ፈቃዴም ምርቃቴም ነው። አንድ ዓመት መዘግየቱ አያሳስብሽ፤ ጡረተኛ ጊዜ አለው፣ እጠብቅሻለሁ። ሰንጠረዡን ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ። ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ፤ ስህተት ካገኘሽበት ግን አባቴ ነው ብለሽ አትለፊኝ፣ በቀይ አርሚው።

እናትሽ ሐረግወይን አገላብጣ ስማሻለች። እህትሽ ቲቲ ናፍቆቷን ልካለች። ኦቦ ዋቅወያ ከነጉልበታቸው ሰላም ብለውሻል።

አባትሽ ገብረወልድ
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.